ቢጫ ክር የታሰረባት ቃሪያ

በዚያ ቅዳሜ ጠዋት ከቤት የወጣሁት ሙጫ ፍለጋ ነበር። መጽሐፍ ጠራዥ ነኝ፤ ሙጫ ያለቀበት ጠራዥ ቁጭ ብሎ ከማዛጋት በቀር ሥራ የለውም። ከሙጫው ሱቅ ቀጥሎ ዘርና ችግኝ የሚሸጥበት ጠባብ ቤት አለ። በሩ ላይ አንድ ጀርባ አየሁ። ያንን ጀርባ የትም ባየው አልስተውም፤ አርባ ዓመት ሙሉ ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብሎ ሰዓት ሲፈታና ሲገጥም ኖሮ፣ አሁን ቀና በል ቢሉት እምቢ ያለ ጀርባ ነው። አባባ ሰዓቱ ነበሩ፤ ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩት ጎረቤታችን።

«ጫፏ እንደ መንጠቆ ቆልመም ትላለች» ይላሉ፣ በጣታቸው አየር ላይ እየሳሉ። «ቆዳዋ ወፈር ያለ ነው። ስትነከስ ቀጭ ትላለች። መጀመሪያ ትጣፍጣለች። ዋጥ ካደረግሃት በኋላ ከጉሮሮህ ጥግ ትንሽ ሞቅ ታደርግሃለች። ሞቅ ብቻ! አታቃጥልም።»

ዘር ሻጩ እጁን መደርደሪያው ላይ አሳርፎ በትዕግሥት ያዳምጣል።

«ስሟን ይንገሩኛ፣ አባቴ።»

«ስም የላትም። የሴትዮዬ ቃሪያ ነው የምንላት።»

«የሴትዮዎ ቃሪያ እኔ ጋ የለችም። ረጅሙ አለ፣ ድብልብሉ አለ፣ ሚጥሚጣ አለ። ይኸው ፓኬቱ ላይ ፎቶው አለልዎ፤ አይተው ይምረጡ።»

«ፎቶ ይቀመሳል እንዴ?» አሉና ፓኬቱን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው፣ የተሰበረ ሰዓት እንደሚመረምር ሰው ገልበጥ ገልበጥ አደረጉት።

ዝም ማለት ነበረብኝ። ዝም ማለት ግን አልተማርኩም፤ የተማርኩትን ሁሉ ራሴ ነው ያስተማርኩት፣ ዝምታን ደግሞ ማስተማሩ ሰለቸኝ።

«አባባ ሰዓቱ፣ ቃሪያ በፎቶ አይመረጥም» አልኩ ከኋላቸው። «ፎቶው ላይ ያለችው ቃሪያ የበቀለችው የሰው እርሻ ላይ ነው፤ እርስዎ የሚተክሉት ሰገነት ላይ፣ የቀለም ባልዲ ውስጥ ነው።»

ዘወር አሉ። «ጋዜጣ! አንቺ ደግሞ ከየት በቀልሽ?»

ጋዜጣ የሚሉኝ በልጅነቴ ዳቦ የተጠቀለለበትን ወረቀት ሳላነብ ዳቦውን ስለማልበላ ነው። ከሰባተኛ ክፍል ወጥቼ ሥራ ስገባም ልማዱ አልለቀቀኝም። መጠረዣ ቤት የሚመጣውን ሁሉ፣ የሕግ መጽሐፍ ይሁን የፍየል በሽታ፣ ስጠርዝ አነባለሁ። ዲግሪ ያላቸው ሰዎች የማያውቁትን የማውቅበት ቀን አለ። ያን ቀን ደግሞ አልደብቅም።

ሙጫዬን ይዤ፣ እሳቸውም ባዶ እጃቸውን፣ አብረን ወደ ቤት አቀናን። ቁልቁለቱ ላይ ቀስ ስለሚሉ እኔም ቀስ አልኩ፤ ለእኔ ይህ ትልቅ አክብሮት ነው።

«ተበላሸችብኝ፣ ልጄ» አሉ መንገዱን እያዩ። «የመጀመሪያው ዓመት ልክ እንደ እሷ ጊዜ ነበረች። በሁለተኛው ዓመት አነሰች፤ ማቃጠልም ጀመረች። ዘንድሮማ አይነሳ! ትናንት ፖስተኛው ደብዳቤ ይዞ መጣ፤ ‹የቤታችን ቃሪያ ነው፣ አትፍራ› ብዬ ከዳቦ ጋር አቀመስኩት። ከዚያ በኋላ የሰማሁት እግሩ ደረጃውን ሲወርድ ነው። የፈረምኩበትን ደብተር እንኳ ጥሎት ሄደ።»

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

«እጄ ነው» አሉ። «ብረት የለመደ እጅ አፈር አይቀበለውም። አትክልትም ሰው ያውቃል። የእሷን እጅ ያውቅ ነበር፤ እሷ ስትሄድ እሱም ሄደ። በቃ።»

ሴትዮዬ የሚሏቸው ባለቤታቸው እትዬ መርፌ ከሞቱ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ እኛም እትዬ መርፌ ያልናቸው ለዚህ ነው። እናቴ ከሥራ እስክትመለስ ድረስ ልጅነቴን ያሳለፍኩት በስፌት መኪናቸው ጠረጴዛ ሥር ነው። ከላይ መኪናው ሲንኳኳ፣ ከታች የሙሽራ ቬሎ ቁርጥራጭ እንደ ጉም ሲቆለል፣ መሀሉ ተቀምጬ ዳቦና ቃሪያ እበላ ነበር። ሌሎች ልጆች ከረሜላ ይዘው ሲመጡ እኔ ያቺን ቃሪያ ይዤ እወጣ ነበር፤ ለአንድ ንክሻ ሁለት ከረሜላ ይለውጡኛል። እስከ ዛሬ ድረስ አዲስ የተቀደደ ጨርቅ ሲሸተኝ ምላሴ ላይ ቃሪያ ይመጣል።

እንግዲህ ነገሩ የእኔም ነበር ማለት ነው።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይኼ የእጅ ነገር ወሬ ነው» አልኩ። «ሰዓት አልሄድ ሲልዎ ‹ባለቤቱን ናፈቀ› ብለው ያውቃሉ?»

«አልልም።»

«ምን ያደርጋሉ?»

«እከፍተዋለሁ።»

«ቃሪያዋንስ ለምን አልከፈቷትም? ሰገነት ላይ ወንበር አውጥተው ማልቀስ ብቻ?»

ቆም ብለው አዩኝ። «አንቺ ልጅ፣ ምላስሽን ማን ሳለልሽ?»

«ራሴ ነኝ።»

«ያስታውቃል፤ አንድ ወገን ብቻ ነው የተሳለው።»

ይኼን ዋጥ አድርጌ ዋናውን ነገር ጠየቅኩ። «እትዬ መርፌ ዘር አልተዉም?»

 አራት በር ካለፍን በኋላ፣ በጣም ቀስ ብለው፣ «አለ» አሉ። «አንድ ከረጢት አለ። በእጇ ሰፍታ የዘጋችው። እሱ አይነካም።»

* * *

ከረጢቱን በዚያው ቀን አሳዩኝ። የሥራ ክፍላቸው አሁንም እንደ ድሮው ነው፤ መስኮቱ ሥር ጠረጴዛው፣ ጠረጴዛው ላይ አንገቷ የሚታጠፍ መብራት፣ ግድግዳው ላይ ባለቤቶቻቸው ያልመጡላቸው አሥራ ሁለት ሰዓቶች። ከመሳቢያው የቆርቆሮ ሣጥን አወጡ፤ ከሣጥኑ ውስጥ ከአውራ ጣቴ የማይበልጥ የጨርቅ ከረጢት። አፉ በቢጫ ክር ተሰፍቷል፤ ስፌቱ ደቂቅ፣ እኩል እኩል፣ ጉንዳን ተሰልፎ የሚሄድ ይመስል ነበር።  ያንን ስፌት አውቀዋለሁ፤ የትምህርት ቤት ልብሴ ጉልበቱ በተቀደደ ቁጥር የጠገነው እሱ ነው።

«ሁለት ነበሩ» አሉ። «ባለ ሰማያዊ ክሩን በሞተች ማግስት ዓመት ዘራሁት። እንዳልኩሽ ጥሩ ሆነ። ከዚያ ወዲህ የዘራሁት እኔ ራሴ ከዚያ ምርት ያስቀረሁትን ነው። ይኼኛው ግን ይቀመጣል። የመጨረሻ ስፌቷ ነው።»

«ዘሩስ?»

«ዘሩም ውስጥ አለ። የት ይሄዳል? የቆመ ሰዓት ነው፣ ልጄ። በፈለግሽ ቀን ትሞይዋለሽ፣ ካቆመበት ይቀጥላል።»

ይህን ሲሉ በሙሉ እምነት ነበር። አባባ ሰዓቱ ብልህ ሰው ናቸው፤ ብልህ ሰው ሲሳሳት ግን ስህተቱ እንደ ሥራው ንጹሕ ስለሚሆን ለማየት ያስቸግራል።

«አባባ» አልኩ፣ በምችለው ለስላሳ ድምፅ፣ «ዘር የቆመ ሰዓት አይደለም። እየሄደ ያለ ሰዓት ነው። ድምፁ ስለማይሰማ የቆመ ይመስላል እንጂ ውስጡ ሞላው እየላላ ነው። አንድ የእርሻ መጽሔት ስጠርዝ እንዳነበብኩት የቃሪያ ዘር ሦስት አራት ዓመት ቢቆይ ነው፤ ከዚያ በኋላ እየመረጠ ይሞታል። ከረጢቱ ይቀራል፣ ስፌቱ ይቀራል፣ ውስጡ ያለው ገለባ ይሆናል። ዘንድሮ ካልተዘራ የሚመጣው ዓመት ምን እንደሚኖርዎ አላውቅም።»

«ብዘራውና ባይበቅልስ?» ድምፃቸው ከፍ አለ። «አሁን ቢያንስ አለ እላለሁ! ማታ ስተኛ ‹አለች፣ መሳቢያ ውስጥ ናት› እላለሁ። ቀድጄው ባዶ ቢሆን ምን ልበል? ቢበቅልስ ደግሞ፣ በእኔ እጅ እንደ ሌላው ተበላሽታ ፖስተኛ ብታባርር? ሁለት ጊዜ ልቅበራት ነው?»

 ያነበብኩት ነገር ሁሉ ስለ ዘር እንጂ ስለ መሳቢያ አልነበረም። ነገር ግን መሸነፍ አልወድምና «ነገ መጽሐፍ ይዤ እመጣለሁ» ብዬ ወረድኩ።

* * *

መጽሐፏ ቀጭን ናት፤ ስለ ጓሮ አትክልት የምታወራ። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ሰው ለጥረዛ አምጥቷት ሳይመለስ ስለቀረ እኔ ጋ ቀረች። ሁለት እጥፋት፣ ማለትም አብረው ታጥፈው የሚሰፉ ሁለት የገጽ ጥቅሎች ናት፤ የመጀመሪያውን እጥፋት ያን ጊዜ ከላይ እስከ ታች አንብቤ በቃሌ ይዤዋለሁ። ዝርያ ስለ መምረጥ ነው። እሱን አንብቤ ነው ለራሴ ሚጥሚጣ የመረጥኩት፤ ሰገነታችን ጠራራ ነው፣ ጣሳዎቼ ትንንሽ ናቸው፣ እኔም እንደ ምላሴ የሚያቃጥል ነገር እወዳለሁ። ምርጫው ተሳካ። ሦስት ዓመት ሙሉ ሚጥሚጣዎቼ ከአባባ ሰዓቱ ባልዲዎች አጠገብ ቀይ ሆነው ሲያበሩ፣ እኔም በኩራት አያቸው ነበር። ሁለተኛውን እጥፋት ግን ለአንድ ጊዜ ከልማዴ ወጥቼ አላነበብኩትም፤ ርዕሱ ‹ዘር ስለ ማስቀረት› ስለሚል የአሮጊቶች ጉዳይ መስሎኝ ሰፍቼ ዘጋሁት።

እሁድ ጠዋት ሰገነት ላይ ወጣን። እሳቸው ወንበራቸው ላይ፣ እኔ በተገለበጠ ባልዲ ላይ። ትንሽ ነፋስ ነበር፤ ገመድ ላይ የተሰጣ አንሶላ እየተነፋ ይመለሳል።

«እሺ ጋዜጣ፣ ዜናውን አሰሚና» አሉ።

«ዝርያ ከመምረጥህ በፊት ሦስት ነገር ጠይቅ ይላል። አንደኛ፣ የት ነው የምተክለው? ጠባብ ጣሳ ላለው ሰው ቁጥቋጦዋ አጭር የሆነች ትሻለዋለች፤ ትልልቅ ፍሬ የምትሸከመዋ ግን ሥሯ ጥልቅ አፈር ይፈልጋል፤ በባልዲ ትተከል።»

«የእኔ ባልዲ ነው።»

«ልክ ነዎት። ሁለተኛ፣ ለምን ነው የምፈልጋት? እርጥቡን ለሚበላ ቆዳዋ ወፈር ያለ፣ አድርቆ ለሚፈጭ ቆዳዋ የሳሳ። ወፍራሙ ሲደርቅ ይሻግታል።»

«ይኼንን ሴትዮዬም ታውቀው ነበር። አንድ ጊዜ ላደርቅ ብዬ መስኮት ላይ ብደረድረው ወረንጦ ወረወረችብኝ።»

«ሦስተኛ፣ የሚበላው ማን ነው? ልጅና ሽማግሌ ባለበት ቤት ለስላሳዋ…»

«ሽማግሌ የሚለውን ከራስሽ ነው የጨመርሽው?»

«ይኸው ተጽፏል! አባባ፣ የሚያስቀው ምን መሰለዎ? እትዬ መርፌ ሦስቱንም መልሰዋል። ያቺ ቃሪያ ለዚህ ሰገነት፣ ለዚህ ባልዲ፣ ለእርስዎ ሆድ የተመረጠች ነበረች። በዕድል የመጣች አይደለችም። በእጅም አይደለም። በምርጫ ነው።»

ይኼ ልባቸውን ነካው መሰለኝ፤ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት። እኔ ደግሞ ድል የሸተተው ሰው ቆም ማለት አያውቅም። «አሁን ዘር ለምን እንደሚበላሽ ላንብብልዎ» አልኩና ሁለተኛውን እጥፋት፣ ከሰፋሁት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ገለጥኩት። ጮክ ብዬ፣ እንደ ዜና አንባቢ ቃላቱን እየቆረጥኩ አነበብኩ።

«‹ለዘር የምትሆነውን ተክል ፍሬ መብላት ከመጀመርህ በፊት ምረጥ። ከሁሉ ጤነኛዋን፣ ፍሬዋ ያማረውን ለይተህ ግንዷ ላይ ክር እሰርባት። ከእሷ አትቁረጥ፤ ለእንግዳም አትስጥ…›»

«ቆይ» አሉ አባባ ሰዓቱ። «ክር ነው ያልሽው?»

እኔም ከገጹ ቀና አልኩ። ሁለታችንም አንድ ክር ነበር ያስታወስነው። ስድስት ዓመቴ ነው፤ ከጠረጴዛው ሥር ወጥቼ ወደ ሰገነት ሮጫለሁ፤ ከሁሉ ትልቋ፣ ከሁሉ ቀይዋ ቃሪያ ከፊቴ ተንጠልጥላለች፤ እጄን ስዘረጋ ከኋላዬ የእትዬ መርፌ ድምፅ፦ «ከክሩ እጅሽን አንሺ!» ለምን እንደሆነ ነግረውኝ አያውቁም። ጠይቄም አላውቅም። እኔ፣ የፍየል በሽታ የምጠይቅ!

«ሁልጊዜ ክር እጇ ላይ ስለማይጠፋ» አሉ አባባ፣ «ለጌጥ የምታስረው ይመስለኝ ነበር። አንዳንዴ ሰማያዊ፣ አንዳንዴ ቢጫ። በኋላ ከሞተች ወዲህ እኔ አላሰርኩም። ደግሞ…» እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጫኑ። «ደግሞ ለጎረቤት መስጠት ትወድ ነበር። እኔም ስሟ እንዳይጠፋ ብዬ መጀመሪያ የደረሰውን፣ ያማረ ያማረውን እየቆረጥኩ ስሰጥ፣ መጨረሻ ላይ የቀረውን ኮስማናውን ነው ለዘር ያስቀረሁት። ሦስት ዓመት። ኮስማናውን ከኮስማና። እኔ ራሴ ነኝ ያኮሰመንኳት።»

«እንግዲህ አዩ፣ እጅዎ አይደለም» አልኩ። «ሥርዓቱን ስላላወቁት ነው። ማቃጠሉን ደግሞ እንይ።» ወደ ቀጣዩ አንቀጽ ወረድኩ። «‹ለስላሳ ቃሪያ በሚያቃጥል ዝርያ አጠገብ አትትከል። ንብ የአበባውን ዱቄት ከአንዱ ወደ ሌላው ታሻግራለች። የዚያ ዓመት ፍሬ አይለወጥም፤ ከውስጡ ያለው ዘር ግን…›»

ዓይኔ ከገጹ ላይ ተነሳ።

«ምነው?» አሉ። «መነጽሬን ልስጥሽ?»

ከወንበራቸው ጀርባ፣ ከባልዲዎቻቸው አንድ ክንድ ከስንዝር ርቀት ላይ፣ ሚጥሚጣዎቼ ቀይ ጣታቸውን ወደ ሰማይ ቀስረው ቆመዋል። ነጫጭ አበቦቻቸው ላይ አንዲት ንብ ተቀምጣለች። አየኋት። ተነሳች፤ ወደ አባባ ባልዲ ተሻገረች።

መዝለል እችል ነበር። እሳቸው ደቃቁን ጽሑፍ አያነቡም፤ አንድ መስመር ብዘል ማንም አያውቅም። ‹ዘሩ አርጅቶ ነው› ብል ያምኑኝ ነበር፤ ሁለት ዓመት ሙሉ እጃቸውን ሲወቅሱ ኖረው አሁንም ይወቅሱ ነበር። ያን ጊዜ የመጣብኝን ሐሳብ የጻፍኩት አንባቢ እንዲያውቀው ነው፤ ኩሩ ሰው መውደቅ የሚችለው በትንሽ መስመር ነው።

«‹ዘሩ ግን ከሚያቃጥለው ጋር ይዳቀላል›» ብዬ አነበብኩ። «‹በሚቀጥለው ዓመት የሚበቅለው ሁሉ ያቃጥላል።›» መጽሐፏን ዘጋሁ። «አባባ፣ እኔ ነኝ። ሚጥሚጣዬን የተከልኩት እርስዎ ባለ ሰማያዊ ክሩን በዘሩበት ዓመት ነው። እትዬ መርፌን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ደግሞም ይኼ መጽሐፍ ሦስት ዓመት ራስጌዬ ነበር።»

አንሶላው ተነፋ፣ ተመለሰ። አባባ ሰዓቱ ተነስተው ከሚጥሚጣዬ እስከ ባልዲያቸው ያለውን በክንዳቸው ለኩ። ሁለተኛም ለኩ።

«ንቧ አውቶቡስ አያስፈልጋትም» አሉ።

«ዛሬውኑ እነቅላቸዋለሁ።»

«ማን ንቀዪ አለሽ?» ዘወር ብለው አዩኝ፤ ከፊታቸው ላይ ቁጣ እፈልግ ነበር፣ አጣሁ። «ልጄ፣ አርባ ዓመት ሰዓት ስሠራ ስንቱን ሰበርኩ መሰለሽ? ለባለቤቱ ‹ሲመጣም ተሰብሮ ነው› ያልኩባቸው ቀናት ነበሩ። እስከ ዛሬ ሲታወሰኝ ጆሮዬ ይግላል። አንቺ መስመሩን ብትዘይው እኔ ምን አውቅ ነበር?»

«ምንም።»

«ምንም።» ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያው ሌላ ያነበብሽልኝንም ማመን እችላለሁ። ነይ፣ እንውረድ።»

* * *

ጠረጴዛቸው ላይ ነጭ ወረቀት አነጠፉ፤ መብራቷን ዝቅ አደረጉ፤ ማጉያ መነጽራቸውን በቀኝ ዓይናቸው ሰኩ። መቀስ አቀበልኳቸው፤ በእጃቸው መለሱልኝ። በወረንጦ፣ አንዱን የክር ዙር ከሌላው እያላቀቁ፣ ስፌቱን ከኋላ ወደ ፊት ፈቱት። ሩብ ሰዓት ፈጀ። ክሩ ሳይቆረጥ፣ አንድ ስንዝር ተኩል ሆኖ ወጣ። በጣታቸው ጠቅልለው የቆርቆሮ ሣጥኑ ውስጥ አስቀመጡትና ከረጢቱን አራገፉ።

ሠላሳ አንድ ዘር። ገርጣ ያለ፣ ጠፍጣፋ፣ ቀላል።

«መጀመሪያ አፈር ውስጥ አንጨምረውም» አልኩ፣ አሁን ግን እንደ ዜና አንባቢ አልነበረም። «እርጥብ ጨርቅ ውስጥ ጠቅልለን ሙቀት እንሰጠዋለን። የበቀለውን አይተን ወደ አፈር እናዛውራለን። ያልበቀለውም አፈር ውስጥ ጠፍቶ ሳይሆን ዓይናችን እያየ ነው የሚቀረው። ቢያንስ እናውቃለን።»

«ማወቁ ነው የሚያስፈራው» አሉ። ቢሆንም ጨርቁን አረጠቡት።

በሥራ መብራታቸው ሥር አስቀመጡት። ስድስት ቀን ምንም። በዘጠነኛው ቀን ደረጃው ላይ ስንገናኝ «ዜና አለ?» ስላቸው እጃቸውን አወዛወዙ። በአሥራ አንደኛው ቀን ሰላምታ ብቻ ተለዋወጥን። እኔም ሥራ ላይ ሁለት ጊዜ ገጽ አገላብጬ ሰፋሁ፤ ሰው ሳያየኝ ፈታሁት።

በአሥራ አራተኛው ቀን መጠረዣ ቤቱ በር ላይ ያ የጎበጠ ጀርባ፣ በዚህ ጊዜ በፊት በኩል፣ ብቅ አለ። ያን ሁሉ ቁልቁለት ወርደው መጥተዋል። ማጉያ መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ እንደ ሦስተኛ ዓይን ቀርቷል፤ መንገደኛው ሁሉ ሲያያቸው መጥቷል ማለት ነው።

«አንዷ» አሉ፣ ትንፋሽ አጥሯቸው። «አንዷ ነጭ ጭራ አውጥታለች።»

ከሠላሳ አንዱ አብዛኞቹ አልበቀሉም። አራት በቀሉ። አራት ብቻ፤ አንድ ዓመት ብንዘገይ ምን ይቀር ነበር? የቀሩትን ሃያ ሰባቱን አባባ ሰዓቱ አልጣሏቸውም፤ ባዶ ከረጢቱ ውስጥ መልሰው መሳቢያቸው ውስጥ አስገቡ።  መጽሐፍ የማያውቀው ነገር እንዳለ በዚያ ሰሞን ተምሬ ነበር።

* * *

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ ልንገር፤ ይህን የምታነብ፣ ጥቂት ባልዲና ትንሽ ፀሐይ ያለህ ሁሉ ሊጠቅምህ ይችላልና።

ሚጥሚጣዎቼን ወደ መጠረዣ ቤቱ መስኮት አዛወርኳቸው። አለቃዬ አንዷን በስህተት ነክቶ ዓይኑን ካሸ ወዲህ ወደ ጠረጴዛዬ ሳያንኳኳ አይመጣም፤ ይህንንም ከጥቅሙ ቆጥሬዋለሁ። አባባ ሰዓቱ ያረጁትን፣ ፖስተኛውን ያባረሩትን ተክሎች ነቅለው አራቱን ችግኞች ብቻ በአራት ባልዲ አሳደጉ። ንብ የሰውን ሰገነት አጥር አታውቅምና፣ ከየባልዲው ለዘር ያጯቸው አበቦች ፍሬ እስኪይዙ ድረስ በስስ ጨርቅ ከረጢት ሸፈንናቸው። ጨርቁ የእትዬ መርፌ የቬሎ ቁርጥራጭ ነው፤ እኔ ጉም ነው ብዬ የተኛሁበት። በየጠዋቱ ሰገነቱ ላይ አራት ትንንሽ ሙሽሮች ቆመው ታያለህ።

ጥቅሙ ብዙ ነው። አባባ አሁን የሚሰጡት ከሦስቱ ተክሎች ነው፤ ከአራተኛዋ ማንም አይቀምስም፤ ስለዚህ ዘንድሮ ሰጥተው ለከርሞ አይደኸዩም። ዘሩ በየዓመቱ ይታደሳል፤ ያረጀው መሳቢያ ውስጥ እየሞተ አይቀመጥም። ለዘር ሻጩም አንድ ቁንጥር ተሰጥቶታል፤ ፓኬቱ ላይ ፎቶ የለውም፤ ‹የሴትዮዋ ቃሪያ፣ በባልዲ የሚተከል፣ ከሚጥሚጣ የሚርቅ› ብዬ በእጄ ጽፌበታለሁ። እኔ ባጣው፣ አባባ ቢያጡት፣ ሌላ ሰው ጋ አለ። ፖስተኛውም ታርቋል፤ መጀመሪያ ቀን ግን እኛ ፊቱ እስክንበላ ድረስ አልነካም አለ። ልክ ነው።

የመጀመሪያዋን ፍሬ የቀመስናት ግን ገና በዚያው ዓመት፣ ዳቦ ይዘን፣ ያው ሰገነት ላይ ነው። ቀጭ አለች። ጣፈጠች። ዋጥ አደረግኩና ጠበቅኩ። ከጉሮሮዬ ጥግ፣ ልክ እንደ ድሮው፣ ሞቅ አለ። አባባ ሰዓቱ ዓይናቸውን ጨፍነው ያኝኩ ነበር፤ ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ የስፌት መኪና ሲንኳኳ የሰማሁ መሰለኝ።

አንድ ብቻ በቂ አልነበረም። ተነሳሁ። ከአራቱ ባልዲዎች መጨረሻዋ ላይ ከሁሉ ትልቋ፣ ከሁሉ ቀይዋ፣ ጫፏ ቆልመም ያለው ተንጠልጥላ ነበር። እጄን ዘረጋሁ።

«ከክሩ እጅሽን አንሺ!»

ደንግጬ እጄን ሰበሰብኩ። ዘወር ስል አባባ ሰዓቱም የደነገጡ ይመስሉ ነበር፤ ድምፁ ከእሳቸው አፍ መውጣቱን ያላመኑ።

ጎንበስ ብዬ ግንዷን አየሁ። እዚያ፣ ሳይቆረጥ ከከረጢቱ የወጣው ቢጫ ክር፣ በሰዓት ሠሪ ቋጠሮ፣ ሁለት ጊዜ ዞሮ ታስሯል።